ከደብተር ጀርባ እስከ ሚኒ ሚዲያ ግድግዳ፦ የኮሚክ ሠዓሊ ሐሳቡን ከየት ያመጣዋል?

  

መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞር ሲሉ የደብተሩን የመጨረሻ ገጽ ገልጦ ፊት የሚስል፣ አፍንጫ አርዝሞ ጎረቤቱን በሳቅ የሚያፈነዳ ተማሪ በየክፍሉ አይጠፋም። ብዙዎቻችን ይህንን እንደ ስንፍና እንቆጥረዋለን። ነገር ግን ያ የደብተር ጀርባ ስዕል አንድ ሁለት ጓደኞች ቢጨመሩለት፣ ንግግር ቢሰጠውና ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው ቢሻገር ኮሚክ ይሆናል። ኮሚክ ደግሞ እንደ ቀልድ ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም። ሰውን ያስተምራል፣ ያጽናናል፣ አንዳንዴም ሳያስበው ሰውን ይጎዳል። ዛሬ በዚህ ዝግጅት የኮሚክ ሠዓሊዎች ሐሳባቸውን ከየት እንደሚያገኙ፣ ሲሠሩ ምን እንደሚሰማቸው፣ እንዲሁም እኛ በየትምህርት ቤታችን በፀረ ኤድስ ክበብና በሚኒ ሚዲያ እንዴት ልንጠቀምበት እንደምንችል አብረን እንመለከታለን። መልካም ንባብ!

ኮሚክ ምንድን ነው?

ኮሚክ ማለት በተከታታይ ሳጥኖች (ፍሬሞች) ውስጥ በተሳሉ ስዕሎችና በአጫጭር ጽሑፎች የሚነገር ታሪክ ነው። ገጸ ባሕርያቱ የሚናገሩት ከአፋቸው በሚወጣ ፊኛ መሰል ክብ ውስጥ ይጻፋል። ካርቱን በአንድ ስዕል ብቻ ሊያልቅ ይችላል። በኮሚክ ውስጥ ግን ጊዜ ያልፋል። በመጀመሪያው ሳጥን በሩን የምታንኳኳዋ ልጅ በሁለተኛው ውስጥ ገብታ ተቀምጣ እናገኛታለን። በሩን ከፍታ ስትገባ ማንም አልሳላትም፤ ያስገባናት እኛ አንባቢዎቹ ነን።

አሜሪካዊው የኮሚክ ሠዓሊ ስኮት ማክላውድ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው መጽሐፉ የኮሚክ ትልቁ ኃይል ያለው በዚህ በሁለት ሳጥኖች መካከል ባለው ባዶ ቦታ እንደሆነ አስረድቷል። ሠዓሊው ያላሳየውን የአንባቢው አእምሮ ይሞላዋል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ቅኔ ስንሰማ ሰሙን ሰጥተውን ወርቁን እኛው እንድናወጣ ይተዉልን የለ? ራሳችን ያወጣነው ወርቅ ደግሞ ሰው ከነገረን የበለጠ አይረሳንም።

እኛ ዘንድ አዲስ ነው እንዴ?

“ኮሚክ የፈረንጅ ነገር ነው” የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ቆዩ። ስሙ የውጭ ነው፤ ታሪክን በስዕል ማውራት ግን ከደጃችን አለ። ከውጫሌ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ሐይቅ፣ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ እ.ኤ.አ. በ1280/81 የተጻፈ የወንጌል መጽሐፍ አለ። የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል በመባል ይታወቃል፤ በውስጡ ስዕሎች ያሉት ሲሆን የራሳቸው የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ስዕልም ይገኝበታል። ከሰባት መቶ ዓመታት በፊት እዚሁ አካባቢ ጽሑፍና ስዕል በአንድ መጽሐፍ ተገናኝተው ነበር ማለት ነው።

የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ የተሳለባቸውን ሸራዎች ያያችሁም ትኖራላችሁ። ሸራው በትንንሽ ሳጥኖች ይከፈላል፤ ብዙውን ጊዜ 44 ናቸው። በየሳጥኑ አንድ ትዕይንት ይሳልና ከሥሩ አጭር ጽሑፍ ይጻፋል። እስቲ ልብ በሉ፤ ይህ ከኮሚክ በምን ይለያል?

ባህላዊ ሠዓሊዎቻችን የራሳቸው ምልክትም ነበራቸው። ደግ ሰው ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይኑ እየታየ ይሳላል። ክፉ ወይም ጠላት ግን በጎን ይሳላል፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። በአድዋ ጦርነት ስዕሎች ላይ ኢትዮጵያውያኑን በሁለት ዓይን፣ የጣሊያን ወታደሮችን በአንድ ዓይን የምናያቸው በዚህ ምክንያት ነው። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ማን ወገን፣ ማን ጠላት እንደሆነ በአንድ እይታ ይለያል። ይህን ነጥብ ያዙት፤ በኋላ እንመለስበታለን። ሠዓሊ ማንን በሁለት ዓይን፣ ማንን በአንድ ዓይን እንደሚስል ሲወስን ትልቅ ሥልጣን በእጁ ይዟል።

ሐሳቡ ከየት ይመጣል?

ሠዓሊዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ምንጭ የላቸውም። ቢሆንም የብዙዎቹን ሥራና ሕይወት ስንመለከት ደጋግመው የሚታዩ አራት ምንጮች እናገኛለን።

1. ልጅነት። ጃፓናዊው ኦሳሙ ቴዙካ (እ.ኤ.አ. 1928 - 1989) በልጅነቱ ነፍሳትን መሰብሰብ ይወድ ነበር። የብዕር ስሙን ሲያወጣም “ነፍሳት” የሚል ፍቺ ያለውን ፊደል ጨመረበት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ በኦሳካ ከተማ ላይ ከደረሰው የቦምብ ድብደባ ተርፏል። ሕክምና ተምሮ የጨረሰ ቢሆንም ዕድሜውን ያሳለፈው በስዕል ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የጀመረው “አስትሮ ቦይ” የተባለው የሮቦት ልጅ ታሪክ በዓለም ዙሪያ ታውቋል። የነፍሳት ፍቅሩ፣ የሐኪም ትምህርቱና የጦርነት ጥላቻው ሁሉ በሥራዎቹ ውስጥ ይታያሉ። ከሕይወቱ የባከነ ነገር የለም ለማለት ይቻላል።

2. የጎደለ ነገር። “እኔን የሚመስል ጀግና የታለ?” የሚለው ጥያቄ ብዙዎችን እርሳስ አስይዟል። ብስራት ደበበ የመሠረተው ኢታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 “ጀምበር” የተሰኘውን የኢትዮጵያ ልዕለ ጀግና ኮሚክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ። ጀግናው አማኑኤል ይባላል፤ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። ሥራ ፍለጋ! ይህንን ስታነቡ ስንቶቻችሁ ወንድማችሁን ወይም እህታችሁን አስታወሳችሁ? ቀጥሎም “ሐዊ” የተሰኘ፣ ሴት ጀግና ያለበት ኮሚክ አስከትሏል። በሌላ በኩል ቀድሞ መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ “ፀሐይ መማር ትወዳለች” የተባለውን የልጆች የቴሌቪዥን ዝግጅት ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ አቅርባለች። ከዚያው ከዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ የወጣው “ጥበብ ገርልስ” ደግሞ ልዩ ኃይል ያላቸው ሦስት ልጃገረዶች ያለዕድሜ ጋብቻንና ሌሎች ጎጂ ልማዶችን ሲታገሉ ያሳያል።

3. ትዝታ። ማርጌሪት አቡዌ የተወለደችው በኮትዲቯር ነው። በ12 ዓመቷ ወደ ፓሪስ ሄደች። አድጋ የልጅነት ሰፈሯን፣ የአቢጃኗን ዮፑጎን፣ “አያ” በተሰኘ ኮሚክ ጻፈችው፤ ስዕሉን የሠራው ክሌማን ኡብረሪ ነው። የመጀመሪያው ቅጽ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ጦርነትና ረሃብ የለም። ሴት ልጆች ስለ ትምህርትና ስለ ፍቅር ያወራሉ፣ እናቶች ይቆጣሉ፣ ወጣቶች ይጨፍራሉ። አፍሪካ ስትባል በችግር ብቻ ለሚያውቋት ሰዎች ይህ ትልቅ መልስ ነበር።

ለወሎ ልጅ ይህ ነገር ቅርብ ነው። ከ1966ቱና ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ የወሎ ስም በዓለም ዘንድ ከተራቡ ሰዎች ፎቶግራፍ ጋር ተያይዞ ቀርቷል። ፎቶግራፉ ውሸት አልነበረም። ነገር ግን ወሎ ማለት ያ ብቻ ነው ወይ? ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ ስሙን ያገኘው ከአምባሰል ነው። ይህንን ተራራ፣ ይህንን ዜማ፣ ይህንን ጨዋታ ማን ይሳለው? እኛው ነን እንጂ!

4. የራስ ጭንቀትና ፍቅር። ይህኛው መጽሔታችንን በቀጥታ ይመለከታል። ስዊዘርላንዳዊው ፍሬድሪክ ፔተርስ እ.ኤ.አ. በ2001 “ሰማያዊ ክኒኖች” የተሰኘ ኮሚክ አሳተመ። ታሪኩ የራሱ ነው። አንዲት ሴት ይወዳል፤ እሷም ትንሹ ልጇም ኤች አይ ቪ በደማቸው ውስጥ አለ። መጽሐፉ ፍርሃቱን አይደብቅም። ይጨነቃል፣ ይጠይቃል፣ ከሐኪም ጋር ይመካከራል። ሐኪሙ ጥንቃቄ እስካደረገ ድረስ በቫይረሱ የመያዝ ዕድሉ ከደጅ ሲወጣ ነጭ አውራሪስ የማግኘት ያህል እንደሆነ ይነግረዋል። ከዚያ ወዲያ ሠዓሊው ምን አደረገ መሰላችሁ? አውራሪሱን ሳለው! ፍርሃት የሚባለው የማይታይ ነገር ትልቅ እንስሳ ሆኖ ክፍል ውስጥ ገብቶ ቆመ። ኮሚክ እንዲህ ማድረግ ይችላል። በንግግር የሚያስቸግረውን ነገር መልክ ይሰጠዋል።

ያ መጽሐፍ ከወጣ በኋላ የሕክምናው እውቀት ብዙ ተራምዷል። በአገራችን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ይሰጣል። መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የወረደለትና በዚያው የቆየ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ወደ ሌላ ሰው እንደማያስተላልፍ ዛሬ ተረጋግጧል። ስለዚህ ዛሬ ያንን ታሪክ የሚስል ሰው አውራሪሱን በጣም አሳንሶ ሊስለው ይችላል።

ሲሠሩት ምን ይሰማል?

እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ መጀመሪያ የሚሰማው ፍርሃት ነው። ባዶ ወረቀት ያስፈራል። ጭንቅላት ውስጥ ያማረው ፊት ወረቀት ላይ ሲወርድ ድንች ይመስላል። ይላጠፋል፣ እንደገና ይሳላል፣ ወረቀቱ እስኪሳሳ ይፋቃል። ከዚያ ደግሞ ያንኑ ፊት በሁለተኛው፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳጥን ደግሞ መሳል አለ። በመጀመሪያው ሳጥን ሹሩባ የተሠራች ልጅ በሦስተኛው ፀጉሯ ተቆርጦ ከተገኘ አንባቢ ይስቃል።

ሁለተኛው ትዕግሥት ነው። አንድ ገጽ ለመሥራት ሙሉ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። አንባቢው ግን በአንድ ደቂቃ ጨርሶት ገጹን ይገልጣል። ይህ የሚያናድድ ይመስላል። ሆኖም ቡና ቆልቶ፣ ወቅጦ፣ አፍልቶ ያቀረበ ሰው እንግዳው ስኒውን በሦስት ፉት ቢጨርሰው ይቆጣል እንዴ? “ጥሩ ቡና ነው” የምትለዋ ቃል ትበቃዋለች።

ሦስተኛው ደግሞ ደስታ ነው። ገጸ ባሕርዩዋ የራሷን ጠባይ ይዛ የምትመጣበት ሰዓት አለ። “እዚህ ጋ ታልቅስ” ብለህ ስትነሳ እርሳሱ ፈገግ ያደርጋታል፤ ታያትና “ለካስ እንዲህ ናት” ትላለህ። ያን ጊዜ ጊዜው አይታወቅም፤ ምሳ ይረሳል።

በማኅበራዊ ሥራ የምንሠራ ሰዎች ስዕልን የምንወድበት ሌላም ምክንያት አለን። አንዳንድ ወጣት “ምን ሆነሃል?” ሲባል “ምንም” ይላል። ወረቀትና እርሳስ ሲሰጠው ግን ብዙ ይናገራል። በስዕሉ ውስጥ ያለው ልጅ “እኔ” አይደለም፣ “እሱ” ነው። ስለ “እሱ” ማውራት ደግሞ ይቀላል። ይህ ማለት ስዕል ሕክምናን ይተካል ማለት አይደለም። ከባድ ሐዘን ወይም ጭንቀት ያለበት ሰው የሚያምነውን አዋቂ፣ የጤና ባለሙያ ወይም የምክር አገልግሎት ሰጪ ማነጋገር አለበት። ስዕሉ ግን በሩን ሊከፍትለት ይችላል።

የውጫሌ ውል ለኮሚክ ሠዓሊ ምን ያስተምራል?

ይህ ጥያቄ ያስቃችሁ ይሆናል። እስቲ አብረን እንየው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚሁ አምባሰል፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ቦታ፣ በአፄ ምኒልክና በጣሊያኑ መልእክተኛ በአንቶኔሊ መካከል ውል ተፈረመ። የአንቀጽ 17ን ነገር ሁላችሁም በታሪክ ትምህርት ታውቁታላችሁ። የአማርኛው ጽሑፍ ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ስትገናኝ በጣሊያን በኩል “ልትጠቀም ትችላለች” የሚል ሐሳብ ነበረው። የጣሊያንኛው ግን ግዴታ አድርጎ አቀረበው። አንድ ውል ሁለት ነገር ተናገረ። መጨረሻውም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ሆነ።

ኮሚክም ልክ እንዲሁ ሁለት ቋንቋ አለው። አንዱ ጽሑፉ፣ ሁለተኛው ስዕሉ ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ አንባቢው የሚያምነው ስዕሉን ነው። ቀደም ባሉት ዓመታት ስለ ኤች አይ ቪ በተዘጋጁ ብዙ ፖስተሮች ላይ አፅም፣ የራስ ቅልና አልጋ ላይ የተጣለ የከሳ ሰው ይሳል ነበር። ከሥሩ “ወገኖቻችንን አናግልል” ተብሎ ቢጻፍ እንኳ ስዕሉ “ሽሹ!” ይላል። ሰዉም ስዕሉን ሰማ። ፍርሃቱ ቫይረሱን ከማስቆም ይልቅ ብዙዎችን ከምርመራ አሸሸ፤ የተመረመሩትን ደግሞ አስደበቀ። ባህላዊ ሠዓሊዎቻችን ለጠላት የሰጡትን አንድ ዓይን፣ ያኔ የነበሩ ፖስተሮች ለታመመ ወገን ሰጡት።

ዛሬ ከእናታቸው ማሕፀን ጀምሮ ወይም በሌላ መንገድ ቫይረሱ ኖሮባቸው፣ መድኃኒታቸውን እየወሰዱ፣ ጤነኛ ሆነው የሚማሩ ወጣቶች አሉ። ከእናንተ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ሊሆን ይችላል። ሚኒ ሚዲያው ግድግዳ ላይ አፅም ስትሰቅሉ ያ ልጅ በእረፍት ሰዓት መጥቶ ያየዋል። ምን የሚል ይመስላችኋል? ምንም አይልም። ዝም ብሎ ያልፋል። ምናልባት ከዚያ ቀን ጀምሮ መድኃኒቱን ሰው እንዳያይበት ብሎ ሰዓቱን ያሳልፍ ይሆናል። መድኃኒት መቋረጥ ደግሞ ሕይወትን አደጋ ላይ ይጥላል። ስዕል ቀልድ አይደለም የምንለው ለዚህ ነው።

ታሪኩ የማን ነው?

ሠዓሊ ከአካባቢው መነሳት አለበት ብለናል። ይሁንና አንድ ጥብቅ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እንደ ውጫሌ ባለች ትንሽ ከተማ ሁሉም ሰው ሁሉንም ያውቃል። “ስሙን ቀይሬዋለሁ” ማለት አይበቃም። ሱቋን፣ የቤቷን በር፣ የአረማመዷን ሁኔታ ከሳላችሁ “ይቺማ እከሊት ናት!” ለማለት ማንም አይቸገርም። የሰው የጤና ምስጢር የሰውየው ነው። በወሬ የሰማነውን መሳል ወሬውን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? የራሳችሁን ስሜት ውሰዱ፤ የሌላውን ምስጢር ተዉ። ፈርታችሁ ታውቃላችሁ? ተገልላችሁ ታውቃላችሁ? በክፍል ውስጥ ሁሉም ሲስቅባችሁ ምን ተሰማችሁ? ያንን ስሜት ለፈጠራችሁት ገጸ ባሕርይ ስጡ። ስሜቱ እውነት ከሆነ ታሪኩ ፈጠራ ቢሆንም አንባቢ ያምነዋል።

በአራት ሳጥን ታሪክ እንሥራ

የፊንላንዱ ሌይፍ ፓካሌንና የሕንዱ ሻራድ ሻርማ በብዙ አገሮች ያስፋፉት ቀላል ዘዴ አለ። ሠዓሊ ያልሆኑ ተራ ሰዎች የራሳቸውን ጉዳይ በአራት ሳጥን ይስላሉ። ሁለት ኤ4 ወረቀት አጋጥሞ አንድ የግድግዳ ኮሚክ ይሠራል፤ በጥቁር እስክሪብቶ ስለሚሳል በፎቶ ኮፒ ይባዛና ሰው በሚበዛበት ቦታ ይለጠፋል። አካሄዱ ይህ ነው፦

• አንደኛ ሳጥን፦ ማን፣ የት እንዳለ ያሳያል።
• ሁለተኛ ሳጥን፦ ችግሩ ይመጣል።
• ሦስተኛ ሳጥን፦ ነገሩ ይከራል፤ ገጸ ባሕርዩ መወሰን አለበት።
• አራተኛ ሳጥን፦ ውሳኔውና መጨረሻው ይታያል።

ለምሳሌ “ኮዳው” የሚል ኮሚክ እንሥራ። በመጀመሪያው ሳጥን ተማሪዎች ከስፖርት ክፍለ ጊዜ ደክመው ይመለሳሉ፤ አንድ ልጅ የውሃ ኮዳውን ለአንዲት ልጅ ያቀብላታል። በሁለተኛው ጓደኛዋ ጆሮዋ ላይ ጠጋ ብላ “በእሱ ኮዳ እንዳትጠጪ! እናቱ ክኒን ትወስዳለች አሉ” ትላታለች። በሦስተኛው ልጅቷ ኮዳውን እንደያዘች ቆማለች፤ ሁሉም ያያታል፤ ልጁም አንገቱን ደፍቷል። ፊኛ የለም፣ ቃል የለም። በአራተኛው ልጅቷ ጠጥታ ኮዳውን ለጓደኛዋ እየዘረጋች “ቀዝቃዛ ነው፤ እንኪ” ትላታለች። አለቀ።

ልብ በሉ! “ኤች አይ ቪ አብሮ በመብላትና በመጠጣት አይተላለፍም” የሚል መፈክር አልጻፍንም። ልጅቷ ግን አደረገችው። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳጥን መካከል ባለው ባዶ ቦታ ምን እንዳሰበች የሚሞላው አንባቢው ነው። ምናልባትም “እኔ ብሆን ምን አደርግ ነበር?” ብሎ ራሱን ይጠይቃል። የፈለግነውም ይህንኑ ነው።

የስዕል ችሎታ የለኝም የምትሉም አትስጉ። ክብ ጭንቅላት፣ ሁለት ነጥብ ዓይንና አንድ መስመር አፍ ይበቃል። ማክላውድ እንዳስረዳው ፊት ቀለል ብሎ ሲሳል ብዙ ሰው ራሱን ያይበታል። ዓይኑ ሁለት መሆኑን ብቻ አትርሱ!

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በትምህርት ቤታችሁ ወይም በጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ያሉትን ስዕሎች ተመልከቱ። ጽሑፉና ስዕሉ አንድ ነገር ይናገራሉ ወይስ እንደ አንቀጽ 17 ይጣላሉ?
2. “ኮዳው” በሚለው ታሪክ ኮዳውን ያቀበለው ልጅ ምን የሚሰማው ይመስላችኋል? ታሪኩን ከእሱ አንጻር እንደገና በአራት ሳጥን ሥሩት።
3. አካባቢያችሁን ለማያውቅ ሰው በአንድ ሳጥን ብቻ ብታሳዩት ምን ትስላላችሁ? ለምን?
4. የሰውን ምስጢር ሳያወጡ ከእውነተኛ ሕይወት ተነስቶ ለመሳል ምን ምን መለወጥ ያስፈልጋል?

ውድ ወጣቶች፣ የሠራችሁትን ከመለጠፋችሁ በፊት ለክበባችሁ ተጠሪ መምህርና መረጃው ትክክል መሆኑን ለሚያረጋግጥላችሁ የጤና ባለሙያ አሳዩ። ከዚያ አንድ ነገር አድርጉ። ኮሚኩ ከተለጠፈበት ግድግዳ ትንሽ ራቅ ብላችሁ ቁሙና የሚያነቡትን ተማሪዎች ፊት እዩ። የትኛው ሳጥን ላይ እንደሚቆሙ፣ የት ላይ እንደሚስቁ፣ የት ላይ ዝም እንደሚሉ ታውቃላችሁ። ለቀጣዩ ኮሚካችሁ ጥሩ መነሻ የሚሆናችሁ ያ ነው።

በሉ እርሳሳችሁን ቅረጹ። ቸር እንሰንብት!